የማይንቀጠቀጥ ወለል

የክሊኒኩ ማይክሮስኮፕ በሽታው ዘይት ነበር። ደም በትልቁ ሌንስ ሲመረመር መስታወቱ ላይ አንዲት ጠብታ ዘይት ትደረጋለች፤ ምርመራው ሲያልቅ ሌንሱ መጠረግ አለበት። የክሊኒኩ ሰዎች ግን ወረፋ ሲበዛባቸው ሳይጠርጉት ይነሳሉ። ዘይቱ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው ሁሉ ጭጋግ ነው። ቴክኒሻኗ ሌንሱን ፈትታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው፣ በአጉሊ መነጽር አየችው፣ ስስ ወረቀት በአልኮል አርሳ ከመሃል ወደ ዳር እያዞረች ጠረገችው። እንደገና አየችው። እንደገና ጠረገችው። በዚህ ሥራ ላይ አትቸኩልም፤ ቸኩሎ የጠረገ ሰው ሌንሱን ይጭረዋል፣ የተጫረ ሌንስ ደግሞ ይቅርታ አያውቅም።

መልሳ ገጥማው ምስሉ ጥርት ሲል የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ከኋላዋ ቆማ ነበር። ድሮ ነርስ ነበረች፤ አሁንም እንደ ነርስ ፈጥና ትራመዳለች፣ ፈጥና ትናገራለች።

«አበቃ?»

«አበቃ። ይዩት።»

ሥራ አስኪያጇ ጎንበስ ብላ አየች። «ውይ! እኔ እኮ ዓይኔ የደከመ መስሎኝ መነጽር ላሠራ ነበር።» ከዚያ ቀና ብላ ፊቷን ኮስተር አደረገች። «አሁን መጥፎውን ልንገርሽ ወይስ ጥሩውን?»

«መጥፎውን ያስቀድሙ።»

«ከዚህ በኋላ እጅ በእጅ አልከፍልሽም። የሒሳብ መርማሪዎቹ ‹ይቺ ሴትዮ ማናት? ደረሰኟ የታለ?› ብለው አፋጠውኛል።»

«ጥሩውስ?»

«ጥሩው፣ ቅርንጫፎቻችንን በሙሉ ላንቺ ልሰጥሽ ነው። የሁሉንም ማይክሮስኮፕ፣ በዓመት ውል። ግን ደረሰኝ ይዘሽ ስትመጪ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልመጣሽ ለአስመጪው ድርጅት እሰጠዋለሁ። እነሱ ደግሞ ‹አዲስ ግዙ› ከማለት በቀር ሌላ ነገር አያውቁም።»

ቴክኒሻኗ ዕቃዋን ሰብስባ ስትወጣ እግሯ መሬት የነካ አልመሰላትም። ነገሩ የገንዘብ ብቻ አልነበረም። በምትሠራበት ኮሌጅ ዕድሜዋን የፈጀችው ማይክሮስኮፕ ስትጠግን ነው፤ ባለፈው ዓመት ግን ኮሌጁ ባለ ስክሪን አዳዲሶቹን ገዛ። አዲሶቹ ጀርባቸው ላይ የሻጩ ማሸጊያ ተለጥፎባቸዋል፤ ማሸጊያውን የቀደደ ዋስትናውን ያጣል። ስለዚህ አትከፍታቸውም። አቧራቸውን ትወለውላለች፣ ሽፋናቸውን ታለብሳለች፣ ለተማሪዎች ታድላለች፣ ትሰበስባለች። እጇ ሥራ ፈታ። የክሊኒኮቹ አሮጌ ማይክሮስኮፖች ግን እየተሰባበሩ፣ እየደረቁ፣ እየተንገጫገጩ ይጠብቋታል። እነሱ ካመለጧት የሚቀራት መወልወያ ጨርቅ ብቻ ነው።

ባሏ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው። የከሰዓቱን ሥራ ጨርሶ ቤት ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ነገሩን ሁሉ አፍስሳ ነገረችው።

«ቆይ ቆይ» አለ፣ ሻዩን እያማሰለ። «ለደሞዝሽ ግብር ትከፍያለሽ። አሁን ለቅዳሜሽም ልትከፍይ ነው?»

«ነው መሰለኝ።»

«እንግዲያው እሑድን ደብቂያት፤ እሷንም እንዳያዩብን።»

«ቀልዱን ተው። መጀመሪያ መጠየቅ አለብኝ። ሳይጠይቁ መፍራት ምን ይባላል?»

«እኛ ቤት? ልማድ ይባላል።»

ሰኞ በምሳ ሰዓቷ ግብር ቢሮ ሄደች። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው የቢሮው ሠራተኛ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያንጠለጠለች፣ ሰው ሲያወራ ቀና ሳትል የምታዳምጥ ሴት ናት። ቴክኒሻኗ ጥያቄዋን በተራ በተራ አቀረበች፤ ሴትየዋም በተራ በተራ መለሰችላት።

«የደሞዝሽን ግብር አሠሪሽ ቆርጦ ያስገባል፤ እሱ አልቋል፣ አንነካውም። በግልሽ የምታገኚውን ግን አሠሪሽ አያውቀውም። ስለዚህ ቆራጯ አንቺው ነሽ። በዓመት አንዴ ይህን አስገባሁ፣ ይህን አወጣሁ ብለሽ ታሳውቂያለሽ። ግብሩ የሚታሰበው ከተረፈሽ ላይ ነው።»

«አልኮልና የሌንስ ወረቀት እገዛለሁ። እሱስ?»

«ደረሰኝ ካለሽ ይቀነሳል። ከሌለሽ፣ ለኔ አልገዛሽውም።»

ይህ መልስ ቴክኒሻኗን ደስ አሰኛት። በቤተ ሙከራም ሕጉ እንዲሁ ነው፤ ያልተመዘገበ ልኬት አልተለካም።

«አሁን ሁለት ነገር ይቀርሻል» አለች ሴትየዋ ደረሰኝ የሚያሰጠውን የንግድ ፈቃድ ቅጽ ወደ ራሷ ስባ። «አንድ፣ አሠሪሽ ከሥራ ሰዓት ውጭ ብትሠሪ እንደማይቃወም የሚገልጽ ደብዳቤ። ሁለት፣ አድራሻ። ሥራው የሚሠራው የት ነው?»

ቴክኒሻኗ እውነቱን ተናገረች፤ ቦታ ስትጠየቅ እስከ ጠረጴዛው መናገር ልማዷ ነው። «ትንንሹን እዚያው ክሊኒክ። የሚፈታታውን ግን ኮሌጃችን ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ከበሩ ሁለተኛው ጠረጴዛ፣ በመስኮቱ በኩል።»

ሴትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እህቴ፣ ይህን ሁለተኛ እንዳትይው። እኔም አልሰማሁም።»

«እውነቱ ግን እሱ ነው።»

«እውነትማ እውነት ነው። አሠሪሽ ግቢ ውስጥ የግል ንግድ ልመዝግብልሽ? ኃላፊሽንም ሸሪክ እናድርገዋ!»

ከኋላ የተሰለፉት ሳቁ። ቴክኒሻኗ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። እንደዚያ አስባው አታውቅም ነበር። ቅዳሜ ቤተ ሙከራው ባዶ ነው፣ ጠረጴዛው ከባድ ድንጋይ ነው፣ በግቢው አጠገብ ወለሉን የሚያንቀጠቅጥ የመኪና መንገድ የለም፤ ሌንስ ለማስተካከል ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። ማንንም የጎዳች አልመሰላትም። አሁን ግን «የሥራ ቦታ» የሚለው ባዶ መስመር ዓይን ዓይኗን ያያት ጀመር።

በማግስቱ የክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ገባች። ዶክተሩ ከሷ በዕድሜ ያንሳል፤ ጠረጴዛው ላይ ያልታረሙ የፈተና ወረቀቶች ተቆልለው ነበር።

«ዶክተር፣ አንድ ደብዳቤ ፈልጌ ነበር። ደግሞ ደብዳቤውን ከመጠየቄ በፊት የምነግርዎት ነገር አለኝ።»

«የክሊኒኮቹን ነገር ነው?»

«ያውቃሉ?»

«ቅዳሜ ወረቀት ረስቼ ስመጣ ጠረጴዛው ላይ የክሊኒክ ማኅተም ያለበት ማይክሮስኮፕ አየሁ። ሌላም ጊዜ አየሁ። አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩ።» እጁን ፊቱ ላይ አሻሸ። «አሁን ግን ደብዳቤ ላይ ልፈርም ነው። ከፈረምኩ በኋላ አላየሁም ማለት አልችልም። ይገባሻል?»

«ይገባኛል።»

«ደብዳቤውን እጽፋለሁ። እንዲያውም በደስታ። ሆኖም ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ከኮሌጁ ቦታ ውጭ፣ ያለኮሌጁ ዕቃ ይሆናል። ሦስቱም ይጻፋሉ።»

ተያይዘው ወደ ቤተ ሙከራው ሄዱ፤ እሷም የመሣሪያዋን መሳቢያ አወጣች። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት ዘርግታ ለሁለት ከፈለችው፤ በግራ የኮሌጁ፣ በቀኝ የሷ። ካቻቪቴዎቹ የኮሌጁ። አጉሊ መነጽሩ የሷ። ወረንጦው የኮሌጁ። ግራሶው በራሷ የተገዛ። የአየር መንፊያው የኮሌጁ። ግራው ሲሞላ ቀኙ ባዶ ለመሆን ትንሽ ቀረው። በመጨረሻ እጇ ላይ አንዲት ቀጭን መፍቻ ቀረች፤ ከተሰበረ የኮሌጁ ወረንጦ ላይ ራሷ ሞርዳ የሠራቻት፣ ሌላ መፍቻ የማይገባበት ጠባብ ቦታ የምትገባ።

«ይቺስ የማን ናት?» አለች፣ ከልቧ እየጠየቀች።

ዶክተሩ መፍቻዋን ወስዶ ወደ ብርሃን አዞራት። «ብረቱ የኛ፣ ስለቱ ያንቺ።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ እዚህ ትቅር። ሁለተኛዋን ከራስሽ ብረት ሥሪ፤ ከይቺ የተሻለች ታደርጊያታለሽ።»

መፍቻዋን በግራ በኩል አስቀመጠቻት። ከፋት፤ ግን ከወረቀቱ ላይ ቀና ስትል ሸክም የቀለላት ያህል ተነፈሰች። ለመጀመሪያ ጊዜ የቱ የማን እንደሆነ አወቀች።

የቀረው የማይንቀጠቀጥ ወለል መፈለግ ነበር። ተከራይተው የሚኖሩት ፎቁ ላይ ነው፤ አከራያቸው እትዬ ታች ይኖራሉ። ከአጥሩ ውጭ ቀኑን ሙሉ የጭነት መኪና የሚያልፍበት መንገድ አለ። ቴክኒሻኗ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ይዛ ከክፍል ክፍል ዞረች። የመኝታ ቤቱ ወለል ላይ አስቀመጠችው፤ መኪና ሲያልፍ ውሃው ተርገበገበ። ሳሎን፣ እንደዚያው። ኩሽና፣ ከሁሉም የባሰ። እንዲህ በሚንቀጠቀጥ ቦታ ላይ በከፍተኛ ሌንስ የሚታይ ነገር ሁሉ ይደንሳል፤ የሚደንስን ነገር አስተካክሎ መግጠም አይቻልም።

«የኔ አውቶቡስ ሲያልፍ ይህን ያህል አይነቀንቅም» አለ ባሏ፣ ሶፋው ላይ ተጋድሞ።

«ያንተማ ፈረስ ይቀድመዋል።»

ብርጭቆዋን ይዛ ወረደች። ከደረጃው ስር ትንሽ በር አለች፤ ውስጡ አሮጌ ጎማ፣ የደረቀ የቀለም ቆርቆሮ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር የታጨቀበት ጠባብ ክፍል። ወለሉ መሬት ላይ የተነጠፈ ሲሚንቶ ነው። ጎማውን ገፋ አድርጋ ብርጭቆውን አስቀመጠችና ቁጢጥ አለች። አንድ ትልቅ መኪና እያጓራ አለፈ። ውሃው ዝም። ሌላ አለፈ። ዝም።

«አንቺ!» የእትዬ ድምፅ ነበር። «ውሃ ይዘሽ ከደረጃዬ ስር ምን ትሠሪያለሽ? ድግምት ነው?»

«እትዬ፣ ይቺን ክፍል ቢያከራዩኝ ምን ይመስልዎታል?»

እትዬ ፊታቸው በራ። «ይቺን? እኔ እንኳ በሩ መኖሩን ረስቼው ነበር። ለምንሽ ነው?»

«ለሥራ። ማይክሮስኮፕ ልጠግንባት። ለንግድ ፈቃድ አድራሻ…»

የበራው ፊት ጠፋ። «ንግድ? ከኔ ቤት? ዛሬ አንቺ ትገቢያለሽ፣ ነገ ቆጣሪው የፋብሪካ ሒሳብ ይቆጥራል፣ ከነገ ወዲያ ‹ቤቱ ሱቅ ነው› ተብሎ ግብሩ ጣራ ይነካል። በዚች ጡረታዬ! ልጄ፣ እወድሻለሁ፤ ግን ጎማዬን ወደ ቦታው መልሺ።»

ለመነች። እትዬ ወይ ፍንክች። ወሩ እየተገባደደ ነበር። ሌላ ቦታ ጠየቀች፤ የሱቅ ኪራይ ውሉን ሁሉ ይበላዋል። ቅዳሜ ባሏ ቀስ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አንድ ነገር ልበልሽ፣ እንዳትጮሂብኝ። ወንድሜ ማተሚያ ቤት አለው አይደል? ደረሰኝ አለው። አንቺ ትሠሪያለሽ፣ እሱ ይቆርጥልሻል። ማን ያውቃል?»

«‹ማይክሮስኮፕ ጠግኛለሁ› ብሎ ማተሚያ ቤት ደረሰኝ ይቆርጣል?»

«‹ልዩ ልዩ አገልግሎት› ይላላ!»

ነገሩ ፈትኗታል፤ ቀላል ነበር። ስልኳን አንስታ የሥራ አስኪያጇን ቁጥር እስከ ማውጣት ደረሰች። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው። «አይሆንም። ሌንሱ ቢበላሽ ተጠያቂው ማን ነው? ወንድምህ? እኔ በሠራሁት ላይ የሌላ ሰው ስም አላስገባም። ደግሞ እሱ ባላገኘው ገንዘብ ግብር ሊከፍል ነው።»

«እንግዲያው ቀረ በያ!»

«አልቀረም። እትዬ የፈሩትን እስካሁን አላጣራሁትም።»

ሜትር ይዛ ወረደች። የደረጃውን ስር ቁመቱን፣ ወርዱን፣ ከፍታው የሚያንስበትን ጥግ ሳይቀር ለካች፤ የቤቱንም ንድፍ በእርሳስ ሠርታ የክፍሏን ድርሻ አሰመረችበት። ሰኞ ንድፉን ይዛ ወደ ግብር ቢሮው መስኮት ተመለሰች። የቢሮው ሠራተኛ ንድፉን አገላብጣ አየች።

«ደረጃውን በየእርከኑ ስለሽው?»

«አዎ።»

«እኔ የምፈልገው ይቺን ብቻ ነው።» ጣቷን ቴክኒሻኗ ባሰመረችበት ላይ አሳረፈች። «የንግድ ኪራይ የሚባለው ይቺ ናት። ቤቱ መኖሪያ ቤት ሆኖ ይቀጥላል። አከራይሽ ከይቺ በሚያገኙት ኪራይ ላይ ትንሽ ግብር ይጨምራሉ፤ ሌላው እንደነበረ ነው።»

ይህን ለእትዬ ስትነግራቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። «ባንቺ አፍ አልሰማም፤ አንቺ ጉዳይ አለሽ። በገዛ ጆሮዬ ልስማ።»

ሄዱ። እትዬ ጥሩ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው፣ ወረፋውን ሁሉ ሲያጉረመርሙ ቆይተው መስኮቱ ጋ ደረሱ።

«ልጄ፣ ይቺ ተከራዬ ቤትዎ ሱቅ አይሆንም ትለኛለች። ውሸቷን ነው?»

«እውነቷን ነው፣ እናቴ።»

«ቆጣሪውስ?»

«አንድ አምፖልና አንድ የጠረጴዛ መብራት ለምታበራ ሴት ማን ቆጣሪ ይቀይራል?»

«ትንሽ ግብር ይጨምራሉ ብላኛለች። ትንሽ ስንት ነው? የናንተ ትንሽና የኔ ትንሽ አንድ አይደለም።»

ሴትየዋ ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠርታ አዞረችላቸው። እትዬ ወረቀቱን ራቅ አድርገው፣ ቀረብ አድርገው አዩት። ከዚያ ወደ ቴክኒሻኗ ዞሩ።

«ይህቺን አንቺ ትችያለሽ። ከኪራዩ በላይ።»

«እችላለሁ።»

«የደረጃውን መብራት ታስጠግኛለሽ።»

«አስጠግናለሁ።»

«ጎማውን ባልሽ ይውሰደው።»

«እትዬ፣ እሱ እንኳን ጎማ፣ ካልሲውንም አያነሳ።»

የቢሮው ሠራተኛ መነጽሯን አውልቃ ሳቀች። «እናቴ፣ ጨረሱ? ከኋላዎ ሰው አለ።»

«አልጨረስኩም። የት ነው የምፈርመው?»

ፈቃዱ ሲወጣ ወሩ አላለቀም ነበር። ቴክኒሻኗ ፈቃዱን፣ ደብዳቤውንና የደረሰኝ ጥራዙን በአንድ ፕላስቲክ ይዛ ክሊኒክ ገባች። ሥራ አስኪያጇ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየች፤ የሥራ ቦታው ላይ ስትደርስ ቅንድቧን አነሳች።

«ከደረጃ ስር?»

«ከከተማው ሁሉ የማይንቀጠቀጥ ወለል እሱ ነው። ለክቼዋለሁ።»

«ከለካሽውማ እኔ ምን አውቃለሁ» አለችና ፈረመች።

ከክፍያው ላይ ለግብር የሚሆነውን ድርሻ፣ እጇ ሳይገባ፣ ለብቻው በከፈተችው ሒሳብ አስቀመጠች። ባሏ ደብተሩን አይቶ «ይሄ የማን ነው?» ሲል «የኛ አይደለም» ብላ ዘጋችው። እሱም ለካ ካልሲውን ብቻ ሳይሆን ጎማውንም ያነሳል፤ ከወንድሙ ጋር ሆኖ ከአሮጌ ቤት የወጣ ወፍራም የእብነ በረድ ንጣፍ አምጥቶ ከደረጃው ስር ጠረጴዛ አድርጎ በሲሚንቶ አቆመላት። ከዚያ ወዲያ ሦስት ቀን ወገቤን እያለ ዋለ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጠዋት የክሊኒኮቹ መኪና ግቢው በር ላይ ቆመ። ማይክሮስኮፖቹ በካርቶን ሲወርዱ እትዬ ከበረንዳቸው ወርደው ትእዛዝ ያዙ።

«ቀስ! ቀስ አልኩ! ድንች መሰለህ እንዴ? እንዳይጋደም፣ ቀጥ አድርገው!»

ቴክኒሻኗ አዲሱ መብራት ስር ተቀምጣ የመጀመሪያውን ፈታችው። ማስተካከያው በደረቀ ግራሶ ተይዟል፤ አንደኛው ሌንስ ውስጥ ሻጋታ አለ። ጥሩ በሽታ ነው፣ የሚድን። ራሷ በሞረደቻት አዲስ መፍቻ ጠባቡን ብሎን ያዘች፤ ዞረላት።

የግቢው በር ላይ ብስክሌት የያዘ መንገደኛ ቆሞ ነበር። «እናቴ፣ እዚህ ምን ተከፈተ?»

«የማይክሮስኮፕ ሐኪም ቤት» አሉ እትዬ፣ ደረታቸውን ነፍተው። «በሕጋዊ መንገድ። ግብሯን የምትከፍል ልጅ ናት፤ እኔም እከፍላለሁ።»

«የግድግዳ ሰዓትስ ትጠግናለች? የናቴ ሰዓት ቆሞብን የሚሠራው አጣን።»

እትዬ ወደ ደረጃው ስር ጎንበስ ብለው ጮሁ። «አንቺ! ሰዓት ትሠሪያለሽ?»

«ፈቃዴ ላይ የለም!»

«ካስጨመርሽውስ?»

የቴክኒሻኗ እጅ መፍቻዋ ላይ ቆመ። ሰዓትም ብሎን ነው፣ ጥርስ ነው፣ የደረቀ ዘይት ነው። ይህን አላሰበችበትም ነበር። ብሎኑን በሳህኑ ላይ በቦታው አስቀመጠችና አንገቷን በትንሿ በር አወጣች።

«ሰኞ በምሳ ሰዓት እጠይቃለሁ ይበሉት» አለች። «ሰዓቱን ግን እስከዚያ ማንም እንዳይነካካው።»